ጠብ እስኪል

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በሰፈራችን ቦኖ ፊት ሰው የለም። ጀሪካኖች ግን አሉ። ሃያ ሦስት ቆጠርኩ። ባለቤቶቻቸው ተኝተዋል፤ እነሱ በየተራቸው ቆመዋል። አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ሌላው ሆዱ ላይ በጥቁር ማርከር የቤት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከበስተኋላ ያሉት አራቱ በአንድ ገመድ ተያይዘው እንደ ወንድማማች ተደጋግፈዋል። እዚህ ወረፋ የሚያዘው በሰው ሳይሆን በጀሪካን ነው። ሰው ቢተኛ፣ ቢታመም፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ ጀሪካኑ እስከቆመ ድረስ ተራው ይከበርለታል። ጀሪካን የሌለው ግን ከመሸ ጀምሮ ብርድ ላይ ቢቆምም «አልነበርሽም» ይባላል።

እኔም የራሴን ከሃያ ሦስተኛው ኋላ አቆምኩና የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ውኃ ልቀዳ ብቻ አይደለም የወጣሁት፤ ውዳሴ ልጽፍም ነው።

ነገሩ የጀመረው አዘጋጄ አንድ ሥራ ሲሰጠኝ ነው። የግጥምን ሥርዓት ከአዋቂ ተማሪ፤ ከተማርሽ በኋላ የራስሽን ውዳሴ ጽፈሽ አምጪ፤ እንዴት እንደተማርሽም ጻፊው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ግጥም ከልጅነቴ ጀምሮ እጽፋለሁ፤ ማለትም ቤት የሚመታ ነገር እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ዓባይ አርባ ስንኝ ደረደርኩና ወደ መምህሬ ሄድኩ።

መምህሬን የኔታ ነው የምላቸው። ጎጃም ውስጥ በቆሎ ተማሪነት አድገው ኋላ አዲስ አበባ መጥተው አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አርባውን ስንኝ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ዓባይ ተመስግኖ ጠግቧል፤ ያንቺን ምስጋና ምን ያደርግለታል?» አሉ። ቀጥለውም «ቤትሽ ውስጥ፣ ሳታዪው የምታልፊው፣ ከሌለ ግን የምትጮኺለት ምን ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ቀን ጠዋት ውኃ በፈረቃ መጥቶ ሳልቀዳ ሄዶብኝ ነበር። ሳላስበው «ጀሪካን» አልኩ።

ይሥቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሣቁም። «በቅኔ ቤት ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው ቅኔ ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ። ጉባኤ ቃና። «ስሙን ያገኘው ከየት ነው?» ከቃና ዘገሊላው ሰርግ። «እዚያ ሰርግ ቤት ምን ነበር?» ወይን። «ከወይኑ በፊትስ?» ውኃ። «ውኃው በምን ነበር?» በስድስት የድንጋይ ጋን። «በይ እንግዲህ» አሉ የኔታ፤ «ከጋኑ ጀምሪ።»

በቅኔ ቤት ቅኔ «ይቆጠራል»። ተማሪው ቀን ከሰው ሸሽቶ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ሐሳብና ቃል ሲያማታ ይውላል። ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ መምህሩ ያርማሉ፣ ያቃናሉ፣ አንዳንዴም ሙሉውን ይጥሉታል። ባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና የሁሉም መግቢያ ነው። ከዚያ ባለሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይመጣል፤ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት ቤት አላቸው፤ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። መወድስ ስሙ ራሱ ከ«ወደሰ» የወጣ ነው፤ አመሰገነ ማለት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የየራሳቸው መንገድ ያላቸው የቅኔ ቤቶች ናቸው። በማኅሌት የሚቀርብ ቅኔ ደግሞ ለዚያው ቀን የተዘረፈ አዲስ ቅኔ ነው። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የኔታ ይህን ሲነግሩኝ ከአርባዎቹ ስንኞቼ ውስጥ ስንቱን ከሌላ ሰው አፍ እንደለቀምኩት ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

እኔ ግን የምጽፈው በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ ነው። የአማርኛ ግጥም ደግሞ የራሱ ሚዛን አለው፤ የሚለካውም በቀለም ነው። ቀለም የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጓዳ አለው፤ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ነው፣ የምንጽፍበት ቀለም ነው፣ ትምህርት ቀለም ነው፣ በግጥም ደግሞ አንድ ጊዜ አፍ የሚከፈትበት ድምፅ ቀለም ይባላል። ፊደል መቁጠር ቀለም መቁጠር አይደለም። ጀሪካን በፊደል አራት ነው፤ በቀለም ግን ጀ፣ ሪ፣ ካን፣ ሦስት። መጨረሻ ላይ ያለው ሳድስ የራሱ እስትንፋስ ስለሌለው ከፊቱ ያለው ላይ ይደገፋል። «ስንጠብቅ» አምስት ፊደል ሦስት ቀለም ነው። «በእናቴ» ሲጻፍ አራት ነው፣ ሲነገር «በናቴ» ሆኖ ሦስት ይቀራል፤ ግጥም የሚሰማው ደግሞ ጆሮን ነው።

ቀለሞቹ ተሰብስበው ሐረግ ይሆናሉ፣ ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ ይሠራል። ልጆች ነሐሴ ላይ ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ የሚሉት ቡሄ በሉ አራት በአራት ነው፤ አጭር፣ ዱላ መሬት የሚመታበት። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው፤ በአዝማሪ ቤት ማሲንቆ ይዞት የሚሄደው። የወል ቤት ስድስት በስድስት ነው። ስሙ እንደሚለው የሁሉም ነው፤ የእረኛም፣ የአልቃሽም፣ የተማረ ገጣሚም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ስንኙን ወደ ስምንት በስምንት ዘርግቶ ስሙን አትርፎበታል፤ የጸጋዬ ቤት ይባላል። እኔ እሱን ልሞክር ፈልጌ ነበር። የኔታ «መጀመሪያ በባልዲ መቅዳት ልመጂ፤ በርሜሉ ይደርሳል» አሉኝ። የወል ቤት ተሰጠኝ።

የመጀመሪያ ስንኜ ይህ ነበር፦ «አንተ ቢጫ ጀሪካን፣ የሕይወት ምንጭ የሆንክ»። የኔታ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቆጠሩ። አን፣ ተ፣ ቢ፣ ጫ፣ ጀ፣ ሪ፣ ካን። ሰባት። «አንዷ ፈሰሰች» አሉ። ስለ ሁለተኛው ሐረግ ቁጥር እንኳ አላነሡም። «የሕይወት ምንጭ የሚለውን ለታሸገ ውኃ ማስታወቂያ ስጪላቸው፤ ይከፍሉሻል።»

ውዳሴ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከተረፉልን የአማርኛ ጽሑፎች ጥንታውያኑ ውዳሴ ናቸው። ከ1314 እስከ 1344 (እ.ኤ.አ.) ለነገሠው ለዐምደ ጽዮን፣ ከዚያም ለይስሐቅ፣ ለዘርዐ ያዕቆብና ለገላውዴዎስ የተዘፈኑ የንጉሥ ዘፈኖች አሉ። ግእዝ የመጽሐፍ ቋንቋ በነበረበት ዘመን እነዚህ በአማርኛ ተጽፈው ቀሩ። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናትስዮ ጉዊዲ በ1889 (እ.ኤ.አ.) አሳተማቸው። ዛሬ ላለ አንባቢ ግማሹ እንቆቅልሽ ነው፤ ቃላቱ አርጅተዋል። ድምፁ ግን ይሰማል፤ ስም ይጠራል፣ አገር ይዘረዝራል፣ ፈረስና ጦር ይቆጥራል። አማርኛ ብዕር ሲነካ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጌታውን ማሞገስ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስበው ደስም ይለኛል፣ ቅርም ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ስንት ባለጊዜ በስንት አዝማሪ ተሞገሰ! ሙገሳ እጅ ያያል፤ ሽልማት ይጠብቃል። የቡሄ ልጆች እንኳ የቤቱን ጌታ የሚያነሡት ሙልሙሉን እያዩ ነው። ጀሪካን ግን ምን ይሸልማል?

ፈረንጆቹም ከዚሁ መንገድ ነው የመጡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ፒንዳር ውዳሴ የሚጽፈው በኦሎምፒያ ውድድር ላሸነፉ ነበር፤ ዘማሪዎች እየዞሩ፣ እየተመለሱና እየቆሙ የሚያዜሙት ባለሦስት ክፍል ዝማሬ። እንግሊዛዊው ጆን ኪትስ በ1819 (እ.ኤ.አ.) ከአሸናፊ ወደ ዕቃ ወረደና አንዱን ታላቅ ውዳሴውን ለጥንታዊ የግሪክ ገንቦ ጻፈ። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የቺሌው ፓብሎ ኔሩዳ ተራ ነገሮችን የሚያወድስ መጽሐፍ አወጣ፤ ሽንኩርት እዚያ ውስጥ አለ፤ ካልሲ በሚቀጥለው መጽሐፉ ተከተለ። ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ሽንኩርቱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ሰውዬ ቀይ ወጥ ሳይሠራ አልቀረም» አሉ።

እሳቸው የሰጡኝ መንገድ ግን ከቅርብ ነው፤ ከመልክ። መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። ደራሲው የሚያመሰግነውን ከፀጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር አካል በአካል ይሄድበታል፤ እያንዳንዱ አካል በአንድ ድምፅ የሚመታ የአምስት ስንኝ አርኬ ይደርሰዋል። «ሰላምታውን እንዳትነኪው፤ እሱ ጸሎት ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ። «አካሄዱን ግን ውሰጂ። ከላይ ወደ ታች ሂጂ። አታሞግሺ፤ እዪ።»

ስለዚህ አየሁ። ለሁለት ቀን ጀሪካኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ክዳኑ አልገጥም ስላለ አፉ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ላስቲኩ የስኳር ከረጢት ቁራጭ ነው። እጀታው አንድ ነው። ሆዱ ገብቷል፤ ሲሞላ ይወጣል፣ ሲጎድል መልሶ ይገባል። ቂጡ በአስፋልት ተፍቆ ነጥቷል። ውስጡን ሳሸተው ከዓመታት በኋላም የዘይት ሽታ አለው። ሃያ ሊትር የምግብ ዘይት ይዞ ነው ወደ አገር የገባው፤ ዘይቱ አለቀ፣ እሱ ግን ሥራ ቀየረ። ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ የእናቴ ጀርባ ይህን ሳይመዘን ያውቀዋል።

ስሙንም መረመርኩት። የብረቱን ጀሪካን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ጀርመኖች ናቸው፤ ለጦር ሠራዊት ነዳጅ፣ ልኩ ያኔም ሃያ ሊትር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ እንግሊዞች ማረኩትና ከራሳቸው ደካማ ቆርቆሮ በልጦ አገኙት። «ጄሪ» እንግሊዝ ወታደር ጀርመንን የሚጠራበት የንቀት ስም ነበር፤ ቆርቆሮውም በዚያው «የጄሪ ጣሳ» ሆኖ ቀረ። ቢጫው ፕላስቲክ የዚያ ስድብ ወራሽ ነው። ስድቡን ግን በሰፈራችን የሚያውቅ የለም፤ እኛ ጋ ስሙ ንጹህ ነው።

ከዚህ በኋላ ስንኞቹ መምጣት ጀመሩ። ቶሎ አልመጡም። ስድስት ቀለም ጠባብ ነው፤ «በጣም» የሚለውን ያስወጣል፣ «እጅግ ድንቅ» የሚለውን በር ላይ ይመልሳል። ቤት መምታቱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን በግስ ስለሚዘጋ ብዙዎቹ ግሶች በተመሳሳይ ድምፅ ያልቃሉ፤ መጣ ወጣ፣ ሄደ ወረደ እያሉ መቶ ስንኝ ሳይደክሙ መደርደር ይቻላል። የኔታ ይህን «የሰነፍ ቤት» ይሉታል። ግስን ከግስ አታጋቢ፤ ግስን ከስም አጋቢ ይላሉ። «የሚይዝህ» ብዬ ስጽፍ ጓደኛውን ከስም መንደር መፈለግ ነበረብኝ። ግማሽ ቀን ፈጅቶ «ወዝህ» መጣ፤ ያቺን ቃል ፍለጋ ባልወጣ ኖሮ በእናቴ ነጠላ ላይ ስለሚንጠባጠበው እርጥበት አልጽፍም ነበር።

መጨረሻው ግን አልገኝ አለኝ። የኔታ «ወርቅ የለውም» ይሉኛል። ሰም የሚታየው ነው፤ ወርቅ ከሥሩ ያለው። ኅብር በሚባለው መንገድ አንዲት ቃል ብቻዋን ሁለቱንም ትሸከማለች። ያቺን ቃል ነው ያጣሁት።

ያገኘኋት እዚያው ወረፋ ላይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ሰው ተሰበሰበ። ቧንቧው አንኮራፋ፤ አየር ተፋ፤ ዝም አለ። አንዲት ሴት «ዛሬም ጠብ አትልም» አለች። ወዲያው ኋላ ላይ አንድ ጎረምሳ ጀሪካኑን በእግሩ ወደፊት ሲገፋ ታየና ጠብ ተነሣ። ጠብ ስንጠብቅ ጠብ መጣ። ውኃዋም ጠብ ነች፣ ጥሉም ጠብ ነው። ብርዱን ረስቼ የእጅ ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ጻፍኩ፦ «ጠብ ብቻ ወረደ፣ በብርጭቆ ሰፈርን»። ሰፈርን ስል ለካን ማለቴ ነው፤ ሰፈራችንም ሳይጠራ ገባበት። በደስታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት መሰለኝ፣ ከፊቴ የነበሩ እማማ ዘወር አሉ።

«ብርጭቆ?» አሉ። «ብርጭቆ ይዞ ወረፋ የሚወጣ ማን ነው ልጄ? በጣሳ ነው እንጂ የምንሰፍረው።»

በጣቴ ቆጠርኩ። በ፣ ብር፣ ጭ፣ ቆ፣ ሰ፣ ፈ፣ ርን፤ ሰባት፤ አንዷ ፈስሳ ኖሯል። በ፣ ጣ፣ ሳ፣ ሰ፣ ፈ፣ ርን፤ ስድስት። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያውቁትን ዕቃ በስሙ ጠሩ፣ ልኩም አብሮ መጣ።

ሙሉው ይህ ነው፦

ቢጫው ጀሪካኔ፣ የሰፈሬ አድባር፣
ሌሊት የምትነቃ፣ ተገትረህ ባጥር ዳር፣
ዘይትህን አፍስሰህ፣ ውኃን የመረጥህ፣
ጠላት የሰደበህ፣ የወርቅ ስም ሳይሰጥህ፣
አንድ እጅ ብቻ ያለህ፣ ሺህ ሰው የሚይዝህ፣
በናቴ ጀርባ ላይ፣ ያልነጠፈ ወዝህ፣
አፍህን በላስቲክ፣ ጥርቅም ያደረግህ፣
የሰፈር ጉድ አይተህ፣ ያልተሰማ ወግህ፣
ባዶህን ያፏጨህ፣ ንፋስ ያንገላታህ፣
ሞልተህ ዝም ያልኸው ነህ፣ አቀበት ያልረታህ።
ቧንቧው ሲያንኮራፋ፣ አየር ብቻ ሲነፍስ፣
አንተ ነህ ታጋሹ፣ ጠብ እስኪል እስኪፈስ።
ጠብ የምትል ነገር፣ ስንጠብቅ አደርን፣
ጠብ ብቻ ወረደ፣ በጣሳ ሰፈርን።

የኔታ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ «ያደረግህ» ግስ ነው፣ ወግህ ስም ነው፣ ይሁን፤ ግን «ጥርቅም» ከባድ ነው፣ ለክዳን እንጂ ለግጥም አይሆንም አሉ። ተከራከርኩ። ክዳን ነው የምጽፈው፤ ላስቲክ ሲጠረቀም ድምፁ እንዲህ ነው አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ያንቺ ነው፤ ተይው» አሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ላይ ምንም አላሉም። ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ መታ፤ ቆመ። ከዚያ ሻይ አስመጡ። ስወጣ በር ላይ «ለሐሙስ ሌላ አምጪ፤ ይሄ አልፏል» አሉኝ።

በማግስቱ ሌሊት ለእማማ አነበብኩላቸው፤ የጣሳው ባለቤት እሳቸው ናቸውና። ወረፋው ላይ የነበሩት ሴቶች ቀረብ ብለው ሰሙ። «በጣሳ ሰፈርን» ስል ሣቁ፤ አንዷ ትናንት የተጣላውን ጎረምሳ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ሁሉም ሲሥቁ አንዲት ልጅ እግር ሴት ግን ቅር ብሏት ቆመች።

«ቢጫው ብቻ ነው እንዴ የሚመሰገነው?» አለች። «የእኔ ሰማያዊ ነው።»

እውነትም ሰማያዊ ነው፤ በቢጫዎቹ መሐል ብቻውን። ደብተሬን አወጣሁና በጣቴ ቆጠርኩ። ሰ፣ ማ፣ ያ፣ ዊ። አራት ቀለም። ሁለት ይቀራል።